ጀግናውና ባለ አንድ ዓይኑ ባላንጣ

በተረት ሂደት ክፉው ይቀድማል፤ ጀግናው ይከተላል። ዘንዶው አገሩን አስጨንቆ ከኖረ በኋላ ነው ጦረኛው ፈረሱን ጭኖ የሚመጣው። ወራሪው ከወረረ በኋላ ነው አርበኛው ጫካ የሚገባው። በኪነ ጥበብ ሥራ ሂደት ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሠዓሊውም ሆነ ደራሲው አስቀድሞ በልቡ የሚቀርጸው ጀግናውን ነው፤ ጀግናው ምን ታጥቆ፣ ምን ጎድሎት፣ ምን ፈልጎ እንደሚነሣ ከተወሰነ በኋላ ባላንጣው በዚያው ልክ ይቆረጣል፣ ይሰፋል። የባላንጣው ኃይልና መልክ፣ ድክመቱ፣ አልፎ ተርፎም የሚሞትበት መንገድ ከጀግናው ይቀዳል።

ይህን ጉዳይ ዛሬ ማንሣት ያስፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም። ኮሚክ እየተባለ የሚጠራው ሥዕላዊ ትረካ በዓለም የወጣቶች ንባብና ሲኒማ ውስጥ ከፍ ያለ ስፍራ ከያዘ ብዙ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። በእኛም አገር ብስራት ደበበ የተባለው ኢትዮጵያዊ ወጣት ባቋቋመው በኤታን ኮሚክስ አማካይነት እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር» የተሰኘ ሥዕላዊ መጽሐፍ ወጥቷል፤ ባለ ታሪኩም የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ልዕለ ጀግና ተብሎ ተዋውቋል። የአዲስ አበባ ወጣት ከተፈጥሮ በላይ የሆነ ኃይል ተላብሶ በሥዕል ሲቀርብ አንባቢው መጀመሪያ የሚጠይቀው ኃይሉ ምን እንደ ሆነ ነው። ከዚያ ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ ግን ይበልጥ ከባድ ነው፤ ይህ ኃይል የሚመከተው በማን ላይ ነው? ለዚህ ጥያቄ ወደ ፊት እንመለስበታለን። አስቀድሞ ግን የራሳችን ሠዓሊያን ኮሚክ የሚለው ስም ሳይታወቅ በፊት ነገሩን እንዴት ይዘውት እንደ ነበር መመልከት ይገባል።

በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በአዲስ አበባ የንግሥተ ሳባ ታሪክ በአቡጀዲ ላይ እየተሣለ ለገበያ ይቀርብ ነበር። ከዚህ ሥራ ቀደምት ሠዓሊያን አንዱ ሆኖ የሚጠቀሰው በላቸው ይመር ነው። ጨርቁ በብዙ ትንንሽ ክፍሎች ይከፋፈላል፤ ብዙውን ጊዜ ክፍሎቹ 44 ይሆናሉ። እያንዳንዱ ክፍል የታሪኩን አንድ ድርጊት ይይዛል፤ ከሥሩ ወይም ከላዩ አጭር ጽሑፍ ይገባበታል፤ ተመልካቹም ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች እንደ መጽሐፍ ያነበዋል። ይህ የአሠራር ዘዴ ከዛሬው ኮሚክ የሚለየው በወረቀቱ ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ታሪኩ የሚጀምረው በአርዌ ነው። አርዌ የተባለው ዘንዶ 400 ዓመት ነግሦ ሕዝቡን እያስገበረ ይኖር እንደ ነበር ይነገራል፤ ግብሩም ከብትና ልጃገረድ ነው። አንጋቦ የሚባል ሰው ይነሣና ፍየል መርዝ አብልቶ ለአርዌ ያቀርብለታል፤ አርዌ ውጦ ይሞታል፤ አንጋቦ ይነግሣል፤ ማክዳም ከእርሱ ትወለዳለች። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። አንጋቦ ሠራዊት የለውም፤ ጦርም ፈረስም አልያዘም። መሣሪያው ብልሃቱና አንዲት ፍየል ናት። ስለዚህም ባላንጣው ሆዳም መሆን ነበረበት። አርዌ እሳት የሚተፋ ወይም በሰማይ የሚበር ቢሆን ኖሮ የአንጋቦ ፍየል ምን ይረባ ነበር? የዘንዶው ኃይልም ሞቱም በአፉ በኩል እንዲያልፍ ያደረገው የጀግናው መሣሪያ ነው። ገዢነቱ የሚገለጸው በመብላት ነው፤ የሚጠፋውም በመብላት ነው።

ይህንኑ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ጋር ማነጻጸር ነው። በየአድባራቱ ግድግዳ ላይ የምናየው ሰማዕት በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ጦሩን ወደ ታች ወርውሯል፤ ብሩታዊት ዛፍ ላይ ሆና ትመለከታለች። ይኸኛውም ዘንዶ ነው፤ ልጃገረድ የሚገበርለት ነው። ነገር ግን ከአርዌ ጋር አንድ አይደለም። ጀግናው ፈረሰኛ በመሆኑ ዘንዶው ከፈረሱ እግር ሥር መሳብ አለበት። መሣሪያው ጦር በመሆኑ ዘንዶው አፉን ከፍቶ ቀና ማለት ይኖርበታል። ሆዳምነቱ እዚህ ምንም አያገለግልም፤ ዝቅታው ግን ያገለግላል። ሁለት ዘንዶዎች ሁለት ዓይነት የሆኑት ሁለቱ ጀግኖች ስለ ተለያዩ ነው።

የአገራችን ሠዓሊያን ከዚህም አልፈው ለባላንጣው ፊት የራሱን ሕግ ደንግገውለታል። ጻድቁ፣ ንጉሡ፣ አርበኛው ፊት ለፊት ይሣላል፤ ሁለት ዓይኖቹም ተመልካቹን ያያሉ። ከሐዲው፣ አላዊው፣ ሰይጣኑ ግን በጎን ይሣላል፤ አንድ ዓይን ብቻ ይኖረዋል። ሕጉ እንደ ማናቸውም ሕግ አልፎ አልፎ የሚጣስ ቢሆንም የአድዋን ጦርነት በሚያሳዩት ሥዕሎች ላይ በግልጽ ይታያል። በግራ በኩል የኢትዮጵያ ሠራዊት ከነንጉሠ ነገሥቱና ከነእቴጌይቱ ፊቱን ወደ እኛ መልሶ ይዋጋል። በቀኝ በኩል የኢጣልያ ወታደሮች አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው፣ አንድ ዓይነት አፍንጫ ተሰጥቷቸው፣ በጎን ተሰልፈዋል። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ ይታያል። ሠዓሊው የጠላትን ብዛት፣ የሰልፉን ሥርዓትና የመድፉን ጉልበት ለመደበቅ አልሞከረም፤ እንዲያውም በጥንቃቄ ደርድሮ አሳይቷል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተገኘው ድል ታላቅ የሚሆነው የተሸነፈው ጠላት ታላቅ ሲሆን ነውና። የነፈገው አንዱን ዓይን ብቻ ነው።

አንድ ዓይን መንፈግ ግን ቀላል ነገር አይደለም። በጎን የተሣለ ሰው እኛን አያየንም፤ እኛም ምን እንደሚያስብ ከፊቱ ልናነብ አንችልም። ሐሳቡና ፍላጎቱ ወደ ጀግናው ብቻ የዞረ ነው። በዚህ አሣሣል ባላንጣው የራሱ ሕይወት የሌለው፣ ጀግናውን ለመጋፈጥ ብቻ የተፈጠረ ፍጡር ይሆናል። ከሃይማኖት ሥዕል አንጻር ይህ ትክክልና በቂ ነው፤ ሰይጣን የሕይወት ታሪክ አያስፈልገውም። ወደ ሰው ታሪክ ሲሻገር ግን ጥያቄ ያስነሣል።

ጥንታውያኑ ራሳቸው ይህን ጥያቄ ያላዩት አይመስልም። በላዔ ሰብን እናስታውስ። 78 ነፍስ በልቷል። ከዚህ የከፋ ባላንጣ ከየት ይመጣል? ነገር ግን በእመቤታችን ስም ለለመነው ለምጻም ጥሪኝ ውኃ ሰጠ፤ በሚዛን ላይም ያ ጥሪኝ ውኃ 78ቱን ነፍሳት መዘነ። በዚህ ታሪክ ጀግናው ጦረኛ አይደለም። ጀግናዋ ምሕረት ናት። ክፉው እስከ መጨረሻው ክፉ መሆን ያስፈለገውም ለዚሁ ነው፤ ሦስት ወይም አራት ሰው የበላ ቢሆን ኖሮ ሚዛኑ ባላስደነቀን ነበር። ከሁሉም በላይ ደግሞ ይህ ባላንጣ አይወጋም፤ ይለወጣል። ጀግናው ሲለወጥ የባላንጣው አወዳደቅ ብቻ ሳይሆን ዕጣ ፈንታውም እንደሚለወጥ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

በዓለም የኮሚክ ታሪክም ሕጉ ያው ነው። ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ወጣቶች እ.ኤ.አ. በ1933 «ሱፐርማን» የሚል ስም በአንድ ታሪክ ውስጥ ሲጠቀሙ ስሙን የሰጡት ለጀግና አልነበረም። ሰዎችን በአእምሮው ኃይል የሚገዛ ራሰ በራ ክፉ ሰው ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1938፣ ያንኑ ስም ባለ ብዙ ጉልበት ለሆነ፣ ለተገፉት ለሚቆም ጀግና ሰጡት። የጀግናው የመጀመሪያ ባላንጣዎች ያን ዘመን የኢኮኖሚ ድቀት ያስጨነቃቸው አንባቢዎች በየዕለቱ የሚያውቋቸው ሰዎች ነበሩ፤ ጉቦኛ ፖለቲከኛ፣ የሠራተኞቹን ደኅንነት ችላ ያለ የማዕድን ባለቤት። ነገር ግን ጀግናው ከጊዜ ወደ ጊዜ ጉልበቱ እየጨመረ ሲሄድ እንዲህ ያለ ሰው አይመጥነውም፤ በአንድ ጥፊ ያልቃል። በ1940 ሌክስ ሉተር የተባለው ሳይንቲስት ብቅ አለ። በጡንቻ የማይቻለውን ጀግና በአእምሮ የሚፈታተን ባላንጣ ነው። መጀመሪያ ቀይ ፀጉር ነበረው፤ ብዙ ሳይቆይ ራሰ በራ ሆነ። በ1933 የተጣለው ክፉ ሰው በሌላ በር ተመልሶ ገባ ማለት ይቻላል።

ሌሎቹንም ባጭሩ ብንመለከት፣ ጥቁር ለብሶ ሳቅ የማያውቀው ባትማን በ1939 ሲፈጠር በሚቀጥለው ዓመት የተሰጠው ባላንጣ ሁልጊዜ የሚስቀው ጆከር ነው። ጆ ሳይመንና ጃክ ከርቢ የፈጠሩት ካፒቴን አሜሪካ ደግሞ የአገሩን ሰንደቅ ዓላማ ለብሶ የተነሣ በመሆኑ ባላንጣው ሌላ ሰንደቅ ዓላማ የሚያውለበልብ መሆን ነበረበት፤ መጋቢት 1941 የሚል ቀን በያዘው የመጀመሪያው መጽሔት ሽፋን ላይ ሂትለርን በቡጢ ሲመታ ይታያል። አሜሪካ ጦርነቱ ውስጥ የገባችው ከዚያ ወዲህ በታኅሣሥ 1941 እ.ኤ.አ. ነበር። እዚህ ላይ ሠዓሊያኑ ከመንግሥታቸው ቀድመዋል።

ሁሉም ግን እንዲህ የሚመሰገን አይደለም። በ1934 አሌክስ ሬይመንድ የሣለው ፍላሽ ጎርደን ቢጫ ፀጉር ያለው፣ በታወቀ ዩኒቨርሲቲ የተማረ ስፖርተኛ ነው። ለዚህ ጀግና የተቆረጠለት ባላንጣ ሚንግ የተባለ የሌላ ፕላኔት ንጉሥ ነው፤ ነገር ግን ጢሙ፣ ዓይኑና ስሙ ምሥራቅ እስያን ያመለክታል። የጀግናው ውበት በዘሩ ላይ ሲመሠረት የባላንጣው ክፋትም በዘሩ ላይ መመሥረቱ አይቀርም።

ከዚህ ዓመት በኋላ የሆነው እኛኑ የሚመለከት ነው። ፋሺስት ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን በወረረችበት ጊዜ ኤንሪኮ ዴ ሴታ የተባለው የኢጣልያ ሠዓሊ ለዘማች ወታደሮች የሚሆን የቀልድ ፖስታ ካርድ ይሥል ነበር። በአንደኛው ካርድ ላይ የኢጣልያ ወታደር የፍሊት ፓምፕ ይዞ በኢትዮጵያውያን ተዋጊዎች ላይ ሲረጭ ይታያል። ኢጣልያ በዚያው ጦርነት የመርዝ ጋዝ ከአውሮፕላን ትረጭ እንደ ነበር ለአንባቢ መንገር አያሻም። ሥዕሉን ሕጋችንን ይዘን ብንመረምረው ግን የሚያስተምረን ነገር አለ። ዴ ሴታ ጀግናውን መርጧል፤ ጀግናው ጋዝ የሚረጭ ሰው ነው። ጋዝ የሚረጭ ሰው ጀግና የሚባለው ከፊቱ ያለው ተባይ ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ ኢትዮጵያዊው ተባይ እንዲመስል ተደረገ። ካርዱ የእኛን መልክ ለማሳየት አልተሣለም፤ የወታደሩ እጅ የያዘውን መሣሪያ ንጹሕ ለማስመሰል ነው የተሣለው።

በዚሁ ጦር ጥላ ሥር ካደጉት ሕፃናት አንዱ ሁጎ ፕራት ይባላል። ቤተ ሰቡን ተከትሎ በ1937 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ገና የአሥር ዓመት ልጅ ነበር። አባቱ የቅኝ ገዢው ኃይል አባል ነበር፤ ልጁም ዩኒፎርም ለብሶ ነበር። ኢጣልያ ከተሸነፈች በኋላ ከእናቱ ጋር በድሬዳዋ በእስረኞች ሰፈር ቆየ። ይህ ልጅ በ1967 ኮርቶ ማልቴዝ የተባለውን መርከበኛ ፈጥሮ በአውሮፓ የኮሚክ ጥበብ ከታወቁት ሰዎች አንዱ ሆነ። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀግናውን ወደ አፍሪካ ቀንድ ባመጣባቸው ታሪኮች ውስጥ ኩሽ የሚባል ተዋጊ አለ። ኩሽ ኩሩ ነው፤ ነጮችን ይዋጋል፤ ከኮርቶ ጋር ይከራከራል እንጂ አይገዛለትም። የፕራት ጀግና ሰንደቅ ዓላማም ጌታም የሌለው ተጓዥ በመሆኑ አገሬው ባላንጣው የሚሆንበት ምክንያት የለም። ከፍሊት ፓምፑ እስከ ኩሽ ያለውን ርቀት ያመጣው የኢትዮጵያዊው መለወጥ እንዳልሆነ ልብ ይሏል።

በጽሑፍ ሥነ ጥበባችንም ተመሳሳይ ነገር እናገኛለን። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህ የድኻ ልጅ ነው፤ ያለው ሀብት ትምህርቱና ድምፁ ነው፤ የጎደለው ዘር ነው። ፊታውራሪ መሸሻ የተሠሩት በትክክል ከዚህ ጉድለት ነው። በዛብህ ያጣውን ሁሉ ፊታውራሪ አላቸው፤ ከርሱም ሌላ የላቸውም ማለት ይቻላል። አጥንት ሲቆጥሩ ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን የሚመጥን ባል አጥተዋል። ጀግናው የድኻ ልጅ ባይሆን ኖሮ የፊታውራሪው የዘር ኩራት ክፋት ሳይሆን እንደ ቀላል የሽማግሌ ጠባይ ይታይ ነበር። ደራሲው ግን ፊታውራሪን በጎን አልሣሏቸውም። እንስቅባቸዋለን፣ እናዝንላቸዋለን፤ ሁለቱንም ዓይኖቻቸውን እናያለን። በተመሳሳይ ዘመን ብርሃኑ ዘሪሁንና አቤ ጉበኛ ዐፄ ቴዎድሮስን አቢይ ገጸ ባሕርይ አድርገው ሲነሡ፣ ጀግናው አገር አንድ አድራጊ በመሆኑ ባላንጣነቱ ከአንድ ሰው ይልቅ ለመከፋፈል ራሱ፣ ለመሳፍንቱ ሁሉ ተሰጠ። ብዙ ፊት ያለው ባላንጣ ደግሞ ብዙ ጊዜ ፊት የለውም።

ፊት የሌለው ባላንጣ የሚያስከትለውን ነገር ያየነው ከዚያ ቀጥሎ በመጣው ዘመን ነው። በሚያዝያ 1968 ዓ.ም. የብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም ሲታወጅ ሦስቱ የሕዝብ ጠላቶች ፊውዳሊዝም፣ ኢምፔሪያሊዝምና ቢሮክራሲያዊ ካፒታሊዝም ናቸው ተባለ። የዚያ ዘመን የፖስተርና የካርቱን ሠዓሊ የቀረበለት ሥራ ቀላል አልነበረም። ጀግናው ታውቋል፤ ክንዱ የፈረጠመ ወዝ አደር፣ መሬት ያገኘ ገበሬ ነው። ባላንጣው ግን ሐሳብ ነው። ሐሳብ እንዴት ይሣላል? ሠዓሊው የጀግናውን ግልባጭ ወሰደ። ሠራተኛው ጡንቻ ስላለው ጠላቱ ቦርጫም ሆነ። ሠራተኛው ረዥም ስለሆነ ጠላቱ ከጫማው ሥር የሚርመሰመስ ድንክ ሆነ። በሥዕልነቱ ውጤታማ ነበር፤ ፊደል ያልቆጠረውም ሰው ወዲያው ይረዳዋል።

ችግሩ ያለው ከወረቀቱ ውጪ ነው። ረቂቅ ለሆነ ጠላት አንድ ጊዜ ፊት ከተሰጠው በኋላ ያን ፊት በጎረቤት ላይ መፈለግ ይጀመራል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የወደቁት ወጣቶች ቦርጭ አልነበራቸውም፤ ድንክም አልነበሩም፤ ብዙዎቹ ተማሪዎች ነበሩ። ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ በሚወስደው መንገድ መነሻ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ውስጥ የእነዚህ ሰዎች ፎቶግራፎች ግድግዳውን ሞልተው ተሰቅለዋል። በዘመኑ ቃል ጠላት የተባሉት ሰዎች ሁለት ሁለት ዓይን አላቸው። ሥዕል ብቻውን ሰው ገደለ ማለት አይደለም፤ እንዲህ ማለት ለሠዓሊ የማይገባውን ያህል ሥልጣን መስጠት ነው። ነገር ግን ባላንጣን የመሥራት ጥበብ ከመዝናኛ ያለፈ ነገር መሆኑን የሚጠራጠር ካለ እዚያ ሙዚየም ገብቶ መውጣት ይበቃዋል።

ከሙዚየሙ ተነሥቶ የቦሌን መንገድ እስከ መጨረሻው የሚከተል ሰው አውሮፕላን ማረፊያው ይደርሳል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አውሮፕላን ማረፊያው ከልደታ ወደዚህ ሲዛወር አካባቢው የእርሻ መሬት ነበር። ዛሬ በዚያ ዙሪያና ከዚያም ወዲያ፣ በገርጂ፣ በሰሚት፣ በአያትና በኮተቤ የሚኖረው ወጣት ጀግና ማለት ምን እንደ ሆነ የተማረው ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ወይም ከመማሪያ መጽሐፍ ብቻ አይደለም። በየመንደሩ ቪዲዮ ቤት ውስጥ በአግዳሚ ወንበር ተጨናንቆ ተቀምጦ ተምሮታል። የጀግናው ስም እዚያ «አክተር» ነው፤ «አክተር አይሞትም» የሚለው የልጆች አባባልም ከዚያው የወጣ ነው። አባባሉ ቀልድ ይምሰል እንጂ ስለ ባላንጣው ብዙ ይነግረናል፤ አክተሩ እንደማይሞት የሚያውቅ ልጅ የሚጠብቀው ሌላኛው መቼና እንዴት እንደሚሞት ብቻ ነው። ኋላም በቦሌ መድኃኔ ዓለም አካባቢ በኤድና ሞል ሲኒማ አዳዲሶቹ የሆሊውድ ፊልሞች መታየት ሲጀምሩ ገንዘብ ያለው ወጣት እነዚያኑ ጀግኖች በትልቅ መጋረጃ አገኛቸው። ባላንጣዎቹም አብረው መጡ። ኒው ዮርክን ለማፍረስ የሚመጣ ባላንጣ ገርጂ ምን ያደርጋል?

የ«ጀምበር» ዋና ዋጋ እዚህ ላይ ይመስለናል። ባለ ታሪኩ አማኑኤል ጥላሁን በቅርቡ ከኮሌጅ የተመረቀ፣ ሥራ ፍለጋ የሚንከራተት የአዲስ አበባ ወጣት ነው። እንዲህ ያለ ጀግና ከውጭ አልመጣም፤ በእያንዳንዱ መንደር አለ። ዲግሪውን በፕላስቲክ ሸፍኖ የሚይዘው፣ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ለፊት የሚቆመው፣ ከእናቱ ለታክሲ የሚቀበለው እርሱ ነው። በቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ወይም ባንድ ባንክ ቤት ይቀጠር እንደ ሆነ ዘመድ የሚጠይቅለት እርሱ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ያው አሳታሚ ያስተዋወቃት «ሐዊ» ደግሞ እምነት ለገሠ የምትባል፣ በአሜሪካ የኖረች ወጣት ናት፤ ወደ ኢትዮጵያ ስትመለስ እናቷ ትጠለፍባታለች። አንዱ ሥራ ያጣ፣ ሌላዋ እናቷን ያጣች። አንጋቦ የጎደለው ሠራዊት ነበር፤ በዛብህ የጎደለው ዘር ነበር፤ የእነዚህም ጉድለት እንደዚሁ ግልጽ ነው።

የሁለቱ ጉድለት ግን ለሠዓሊ እኩል አይደለም። የሐዊ ታሪክ ባላንጣውን በራሱ ይጠራል፤ እናት ከተጠለፈች ጠላፊ አለ። የአማኑኤል ግን አስቸጋሪ ነው። ሥራ አጥነት ፊት የለውም። ልክ እንደ 1968ቱ ሠዓሊ የዛሬውም ሠዓሊ በሐሳብና በሰው መካከል ቆሟል፤ ፊት ይስጠው ቢል ደግሞ የማንን ፊት? ባለ ሀብቱን? ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣውን? ሌላ ቋንቋ የሚናገረውን? ከውጭ የመጣውን ኮንትራክተር? የአገራችን ሁኔታ ባለፉት ዓመታት ከታየው አንጻር ይህን ምርጫ እንደ ተራ የብርሽ ጉዳይ የሚያይ የጥበብ ሰው ያለ አይመስለንም።

ከዚህ ጭንቀት ለማምለጥ አንዱ መንገድ ወደ ኋላ መመለስ ነው። ኤታን ኮሚክስ በኋላ ያወጣው «ዙፋን» ታሪኩን በፋሺስት ኢጣልያ ወረራ ዘመን አድርጓል። በዚያ ዘመን ጠላቱ ማን እንደ ነበር ክርክር የለም፤ ዩኒፎርም ለብሷል። እንዲህ ያለው ሥራ አስፈላጊ ነው፤ የአርበኞችን ታሪክ ለአዲሱ ትውልድ በሚወደው መልክ ያቀርባል። ነገር ግን ባለ አንድ ዓይኑን ባላንጣ ያለ ሐሳብ የሚያስገኝ ዘመን መሆኑም እውነት ነው።

ሌላው መንገድ ከብላክ ፓንተር ታሪክ ይገኛል። ይህ ጀግና በ1966 እ.ኤ.አ. ሲፈጠር ቅኝ ያልተገዛች አፍሪካዊት አገር ንጉሥ ተደርጎ ነበር። የመጀመሪያ ባላንጣውም በዚያው ልክ ተቆረጠ፤ ክላው የተባለ፣ የአገሪቱን ማዕድን ለመዝረፍ የመጣና የንጉሡን አባት የገደለ ነጭ ሰው ነው። ቅኝ ያልተገዛ ጀግና ቅኝ ገዢ ሊሆን የሚቃጣው ባላንጣ ይፈልጋልና። በ2018 ፊልም ሆኖ ሲወጣ ግን ዘራፊው በታሪኩ መካከል ይሞታል። ዋናው ባላንጣ ኪልሞንገር ነው፤ የንጉሡ የአጎት ልጅ፣ በአሜሪካ ድኻ ሰፈር ተጥሎ ያደገ። ጀግናው በአገሩ ታጥሮ የኖረ በመሆኑ ባላንጣው ከአጥሩ ውጪ የተተወው ወንድሙ ሆነ። ይህ ሰው ጥያቄ አለው፤ ጥያቄውም እውነተኛ ነው፤ ጀግናው በመጨረሻ መልሱን ይጥላል እንጂ ጥያቄውን ሊጥል አልቻለም። በጎን ሊሣል የማይችል ባላንጣ ነው።

የአማኑኤልም ባላንጣ ከዚህ ወገን ቢፈለግ ይቀርባል እንላለን። ከእርሱ ጋር በአንድ ዓመት የተመረቀ፣ በአንድ ወንበር የተማረ፣ ያንኑ ማስታወቂያ አብሮት ያነበበ ሰው። አማኑኤል ሰሌዳው ፊት ሲቆም ይህ ሰው ሌላ በር አገኘ፤ ደላላ ሆነ፣ የሐሰት ማስረጃ ሻጭ ሆነ፣ የመንደሩን ልጆች በበረሃ የሚያሻግር ሆነ። የአማኑኤልን እናት በስም ያውቃታል፤ በበዓል ቀን ሰላም ይላታል። ይህ ሰው የማንም ብሔር፣ የማንም ሃይማኖት ፊት አያስፈልገውም፤ የራሱ ፊት አለው፤ ከጀግናው ፊት ጋርም ይመሳሰላል። ሥራ አጥነት ሐሳብ ሆኖ መቅረቱ አብቅቶ ሁለት ሰዎች በሁለት መንገድ የመለሱት አንድ ጥያቄ ይሆናል።

ለዚህ ግን ገጽ ያስፈልጋል። በጎን የተሣለ ባላንጣ በአንዲት ትንሽ ክፍል ውስጥ ገብቶ በሚቀጥለው ገጽ ሊሞት ይችላል። ፊት ለፊት የተሣለ ሰው ግን እናቱንና ቤቱን፣ የተመረቀበትንም ቀን ማሳየት ይፈልጋል። የአንድ ኮሚክ መጽሐፍ የመጀመሪያ ቁጥር ደግሞ ቀጭን ነው፤ ገጾቹን የሚወስደው ጀግናውን ማስተዋወቅ፣ ኃይሉን እንዴት እንዳገኘ መናገር ነው። በአገራችን የቀለምና የወረቀት ዋጋ፣ አሳታሚውም ሠዓሊውም በራሳቸው ኪስ በሚሠሩበት ሁኔታ፣ ለባላንጣው አሥር ገጽ ጨምሩለት ማለት ቀላል ልመና አይደለም። የ44 ክፍሎቹ ሠዓሊም ቢሆን ለአርዌ የሰጠው የጨርቁን የመጀመሪያውን ጠርዝ ብቻ ነበር።